መስመሩ ደህና ነው

የፍሬም ቤቷን ባለቤት ሰፈሩ በሙሉ “ሚሊሜትር” ነው የሚላት። ስሙን ያወጣላት የገዛ ባሏ ነው። እሱ አናጢ ነው፤ የፍሬሙን እንጨት ይልጋል፣ ይቆርጣል። እሷ ደግሞ ትገጣጥማለች፣ መስታወት ትቆርጣለች፣ ፎቶውን ከካርቶኑ ጋር አስማምታ ትከድናለች። በተጋቡ በዓመታቸው አንድ ቀን የቆረጠላትን እንጨት “አንድ ሚሊሜትር ይተርፋል” ብላ መለሰችለት። “አንድ ሚሊሜትር ደግሞ ማን ያያል?” ቢላት “እኔ” አለችው። በቃ፣ ስሟ እዚያው ወጣ። ደንበኛ ሰማ፣ ጎረቤት ሰማ፣ ውሎ አድሮ እናቷ ሳይቀሩ በዚሁ ይጠሯት ጀመር። አልከፋትም። ከዚህ የባሰ ስም የወጣለት ስንት ሰው ታውቃለች።

ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ፎቶ በእጇ አልፏል። ሙሽሮች፣ ተመራቂዎች፣ ከአለቃቸው ጋር የተጨባበጡ ሠራተኞች። እውነቱን ለመናገር ፊታቸውን ማየት ካቆመች ቆይታለች፤ የምታየው ጠርዙን ነው። ፊቱማ ያው ነው። ወይ ኮስተር ያለ ነው ወይ ፈገግ ያለ፤ ሁለቱም ፎቶ አንሺው “ዝግጁ!” ስላለ የመጣ። ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ፣ ሆዱን አስገብቶ፣ አንገቱን አስግጎ የቆመበት ወረቀት ነበር ሥራዋ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት አንዲት ነርስ ወደ ሱቁ ገባች። ከተቆረጠ የመድኃኒት ካርቶን መሃል አንድ ፎቶ አውጥታ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም። አንዲት ሴት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ መርፌ ውስጥ ክር ታስገባለች። አንድ ዓይኗን ጨፍናለች፣ አፏ ወደ ጎን ተጣሟል፣ የምላሷ ጫፍ ወጥቷል። አንዱ ካልሲዋ እስከ ጉልበቷ ተስቧል፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቷ ላይ ተጠቅልሏል። ከኋላዋ ገርበብ ባለው በር ፎጣ የያዘ የሰው እጅ ብቻ ይታያል።

“እናቴ ናት” አለች ነርሷ። “ልብስ እየጠገነች ነው ያሳደገችኝ፤ ባለፈው ወር ነው ያረፈችው።”

“ነፍሷን ይማር።” ሚሊሜትር ፎቶውን አገላበጠችና አፏ ቀደማት፦ “ሌላ ፎቶ የላችሁም?”

ነርሷ አልተቀየመችም። “ሞልቶናል እትዬ። ግን በሁሉም ላይ እናቴ ሌላ ሴት ናት። የተዋሰችው ቀሚስ፣ የተዋሰችው ሐብል፣ ሳቁ ራሱ የተዋሰችው ይመስላል። ይሄ ግን እሷ ናት። ክር ስታስገባ ምላሷ ካልወጣ ክሩ አይገባላትም ነበር። እኔም ወርሼዋለሁ፤ በሽተኛ ስወጋ ምላሴ ይወጣል፣ ባልደረቦቼ ይስቁብኛል።”

“ማን አነሳው?”

“እንጃ። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። ከመሳቢያዋ ውስጥ በፖስታ ሆኖ ነው ያገኘሁት።”

ነርሷ ከሄደች በኋላ ሚሊሜትር ልኩን ልትወስድ ፎቶውን ገለበጠችው። ጀርባው ላይ በእርሳስ፣ በደቃቅ ግን በተስተካከለ የእጅ ጽሑፍ፣ “መስመሩ ደህና ነው” የሚል ተጽፏል። ስም የለ፣ ቀን የለ።

“የምን መስመር?” አለች ብቻዋን።

ባሏ ከመላጊያው ቀና ሳይል “የክሩ ይሆናላ” አላት።

“ክሩ ገና መቼ ገባ?”

“እንግዲያው የካልሲው ነው። ተይውና ጠርዙን ለኪ።”

እሷ ግን ያን ቀን ጠርዙን ዘግይታ ነው የለካችው። የሴትየዋን ምላስ እያየች ቆየች። ስንት ዘመን ስታይ የኖረችው ሰው ሁሉ መታየቱን የሚያውቅ ሰው ነበር። ይቺ ግን አታውቅም። ወይም ታውቃለች፣ ግን ግድ አልሰጣትም። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አቃታት፤ ነገሩም ከነከናት።

በሦስተኛው ሳምንት የዳኛው ልጅ መጣ። ዳኛውን የማያውቅ የለም፤ በሥራ ዘመናቸው ችሎት ሲገቡ ጠበቃው ሁሉ ሳሉን ይውጥ ነበር ይባላል። አሁን ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ልጃቸው ወደ ራሱ ቤት ወስዷቸው ዕቃ ሲጓጓዝ የአንድ ፎቶ መስታወት ተሰብሮ ነው የመጣው። ከመስጠቱ በፊት ትንሽ አመነታ። “ሰው ፊት የሚሰቀል አይደለም፤ እናታችን ጓዳ ነበር የሰቀለችው” አለ። ዳኛው የፒጃማ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው፣ እግራቸውን የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ነክረው መዝገብ ያነባሉ። አንድ መነጽር አፍንጫቸው ላይ ነው። ሁለተኛው ግንባራቸው ላይ ነው። ባዶው የመነጽር ቤት ደግሞ በእጃቸው ነው፤ ሲፈልጉ የነበረ ይመስላል።

ሚሊሜትር የተሰበረውን መስታወት አነሳች፣ ሚስማሮቹን ነቀለች፣ ፎቶውን አውጥታ ገለበጠችው። እጇ እዚያው ቀረ። “መስመሩ ደህና ነው።” ያው እርሳስ፣ ያው የእጅ ጽሑፍ።

“ማን ነው ያነሳቸው?” አለችው ልጁን።

“የቤት ሰው መሆን አለበት። አባቴ እንኳን ፒጃማ ለብሶ፣ ክራቫት ሳያስር ሰው ፊት የሚቀርብ ሰው አልነበረም።”

ግን የቤት ሰው ከሆነ፣ የዳኛው የቤት ሰው ልብስ በመጠገን ከምትኖር ሴት መኝታ ቤት ምን አስገባው? ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አድርጋ ስታይ ደግሞ ሌላ ነገር ታያት። ሁለቱም ከታች ወደ ላይ ነው የተነሱት። የሰዎቹ ጉልበት ከፊታቸው ይልቅ ለካሜራው ቅርብ ነው። ጣሪያው ይታያል፤ የጠረጴዛው ሆድ ይታያል።

“ሕፃን ልጅ ይሆን?” አለችው ባሏን።

ባሏ መጥቶ በትከሻዋ ላይ አየ። “ድመት ናት።”

“ድመት ካሜራ የላትም።”

“ጎሽ፣ አንቺ ደግሞ ለሁሉም ነገር መልስ አታጪም! ይልቅ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ፤ ሁለት ፎቶ ነው ያገኘሽው፣ ሁለት።”

ሁለት መሆኑ ነው ያስቸገራት። አንድ ቢሆን አጋጣሚ ነው ብላ በተወችው ነበር። በማግስቱ ካርቶን ቆርጣ፣ ባማረ ጽሑፍ ጽፋ መስኮቱ ላይ ለጠፈች፦ “ጀርባው ላይ ‘መስመሩ ደህና ነው’ የሚል ፎቶ ያለው ሰው ካሳየኝ ፍሬሙን በነጻ እሠራለሁ።”

ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች እንደሚባለው፣ ነጻ የሚለውን ቃል የሰማ ሁሉ መጣ። አንዱማ የራሱን የመታወቂያ ፎቶ ጀርባ በእስክሪብቶ “መስመሬ ደህና ነው” ብሎ ጽፎበት አመጣ። ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር፤ ጣቷን አቀለመባት። “ወንድሜ፣ መስመርህ ደህና ከሆነ እንኳን ደስ ያለህ” ብላ መለሰችው። ከእንዲህ ዓይነቱ መሃል ግን እውነተኞቹም መጡ፤ በአንድ ወር ውስጥ ከሁለቱ ጋር አሥር ሞሉ።

አንዱ ላይ ፀጉር አስተካካይ፣ ምላጩ በኪሱ፣ በገዛ ደንበኛ ወንበሩ ላይ አፉን ከፍቶ ተኝቷል። አንዱ ላይ አስተማሪ ፈተና ሲያርም አንድ መልስ አስቆት ግንባሩን ወረቀቱ ላይ ደፍቷል። አንዱ ላይ ሁለት እህትማማቾች አሉ። ተኳርፈዋል፤ አንድ ሶፋ ላይ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው ብርቱካን ይልጣሉ፤ ልጣጩን ግን ሁለቱም መሃላቸው ባለች አንዲት ሳህን ላይ ነው የሚጥሉት። ሚሊሜትር ይህቺን ሳህን አይታ አልጠገበችም። ሰው ሁሉ አኩራፊ ፊት ማንሳት ይችላል፤ ይህ ሰው ግን ሳህኗን አይቷል።

ማን እንዳነሳው ግን የሚያውቅ አልተገኘም። “ወላጆቼ ያውቁ ነበር” ይላሉ። “ከድሮ ጀምሮ ቤታችን ነበር” ይላሉ። አልጋውንና ቁም ሣጥኑን ማን እንደሠራው እንደማይጠየቅ ሁሉ፣ ይሄንንም ጠይቀው አያውቁም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ደንበኛ ሲገባ ሚሊሜትርን መሬት ላይ ተጋድማ አገኛት። አንድ ዓይኗን ጨፍና፣ ሜትሯን ከወለሉ አቁማ፣ ወደ ወንበሩ ትመለከታለች።

“ኧረ ወደቅሽ እንዴ!”

“አይ፣ እየለካሁ ነው።”

“ምኑን?”

“ዓይኑን።”

ሰውየው ባሏን በጥያቄ አየው። ባሏም “ልማዷ ነው፣ ይግቡ” አለው።

ከወለሉ አርባ አምስት ሳንቲሜትር። ሁሉም ፎቶ ላይ ያው፣ ቢበዛ አምስት ከፍ፣ አምስት ዝቅ ቢል ነው። የቆመ ሰው አይደለም። ወንበር ላይ የተቀመጠም አይደለም። ካሜራውን ደረቱ ላይ ይዞ ወለል ላይ የተቀመጠ ትልቅ ሰው ነው። ታዲያ የማያውቀው ሰው ቤት ገብቶ ወለል ላይ የሚቀመጥ ማን ነው?

መልሱን የሰጣት የፎቶዎቹ የታችኛው ጠርዝ ነው። አራቱ ላይ፣ ጥግ ጥጉን፣ የፊልም ቆሻሻ የመሰላት ጥቁር ነገር ነበረ። በማጉያ መነጽር ስታየው የተጠማዘዘ ገመድ ሆነ። ወዲያው ነርሷ ጋ ደወለች።

“ይቅርታ እህቴ፣ ያኔ ስልክ ነበራችሁ?”

“ከሰፈሩ መጀመሪያ የገባው እኛ ቤት ነው። እናቴ ለልብስ ጥገና ደንበኞቿ ብላ።”

“የት ነበር ያለው?”

“ከአልጋው ፊት ለፊት። ማስቀመጫ ስላልነበረን ወለሉ ላይ…”

“መስመሩ ደህና ነው!” ብላ ጮኸች ሚሊሜትር። ባሏ መላጊያው ከእጁ አምልጦት እግሩ አጠገብ ወደቀ። “የስልክ ጠጋኝ ነው! የስልክ መስመር ነው! ድመትህ ስልክ ጠጋኝ ነው!”

በዚያው ሳምንት አንዲት አሮጊት ቀስ ብለው፣ ግድግዳ እየተደገፉ ወደ ሱቁ መጡ። ማስታወቂያውን ካነበቡ ወር ሆኗቸዋል፤ ለመምጣት ግን ልባቸው አልቆረጠም ነበር። ከቦርሳቸው ፖስታ አወጡ፤ ከፖስታው አራት ቁራጭ ወረቀት። ሚሊሜትር አንድ በአንድ ገጣጠመቻቸው።

አንድ ግዙፍ ሰው በጉልበቱ ተንበርክኮ፣ የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ፣ ሳህን ላይ አንገቷን ያዘነበለች ወጣት ሴት ፀጉር ያጥባል። ሳሙና ጆሮው ላይ አለ። አፉ ተከፍቷል፤ የሚያወራ ይመስላል፣ ወይም የሚያንጎራጉር። ጀርባው ላይ ጽሑፉ አራት ቦታ ተከፍሏል፦ መስመሩ ደህና ነው።

“ባለቤቴ ነው” አሉ አሮጊቷ። “የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር፤ ሲያስነጥስ ሠራተኛው ከወንበሩ ይነሳ ነበር። ወልጄ ትኩሳት ይዞኝ እጄን ማንሳት አቅቶኝ ነው የሚያጥበኝ። ስልክ ጠጋኙ ጥግ ላይ ተቀምጦ ‘ሃሎ፣ ሃሎ’ ይላል። ሁላችንም ሃሎ ነበር የምንለው ሰውየውን። በሳምንቱ ፎቶውን በፖስታ አመጣልኝ። ሳቅኩ ልጄ፣ እስካለቅስ ሳቅኩ። ማታ ባለቤቴ ሲገባ አሳየሁት።”

የቁርጥራጮቹን ጠርዝ በጣታቸው አስተካከሉ። ሚሊሜትርም አላጣደፈቻቸውም።

“ቀደደው። በማግስቱ ስልክ መሥሪያ ቤት ሄዶ ‘ጓዳዬን አዩት’ ብሎ ጮኸ። ሰውየውን ከቤት ለቤት ሥራ አንስተው ምሰሶ ላይ ሰደዱት። እኔ ቁርጥራጩን ከቅርጫት አወጣሁት፤ ልብሶቼ ስር አስቀመጥኩት። ሊሞት ዓመት ሲቀረው ‘ያ ፎቶ አለ?’ አለኝ። እስከዚያ ቀን የማያውቅ ነበር የሚመስለኝ። አምጥቼ ሰጠሁት። ብዙ አየው። ‘ሳሙናው ጆሮዬ ላይ ነው እኮ’ አለኝ።”

“ላጣብቀው እማማ? የተቀደደበት እንዳይታይ ማድረግ እችላለሁ።”

“የለም፣ ይታይ። እሱም የኛው ነው።”

ሃሎን ለማግኘት ከዚህ በኋላ ብዙ አልተኬደም። ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር የባሏ ደንበኛ ነበረች፤ “ሃሎ? አለ እንጂ! ከገበያው ጀርባ ካሉት ሕንጻዎች አንዱ ላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከልጁ ጋር ነው” አለቻት። ሚሊሜትር ከባለቤቶቹ ፈቃድ ጠይቃ አሥራ አንዱንም ፎቶ ያዘች፤ ደረጃውን ወጥታ አንኳኳች።

በሩን የከፈተችው ልጁ የሒሳብ አስተማሪ ናት። ነገሩን ስትሰማ ሳቀች። “ተሳስተሽ ነው እህቴ። አባቴ በሕይወቱ ካሜራ ይዞ አያውቅም።”

“ይዣለሁ” አለ አንድ ድምፅ ከውስጥ።

ሽማግሌው መስኮቱ አጠገብ፣ እግራቸውን ትራስ ላይ ዘርግተው ተቀምጠዋል። ሠላሳ ዓመት ወለል ላይ የታጠፈ ጉልበት በስተርጅና ሒሳቡን ይጠይቃል። ሚሊሜትርን ከእግር እስከ ራሷ አዩአትና “ከየትኛው ቤት ነሽ?” አሉ። “ይቅርታ ልታስጠይቂኝ ከሆነ ያኔም ጠይቄያለሁ፤ አሁንም እጠይቃለሁ።”

“ኧረ እኔ ነኝ የምጠይቀው ጋሼ። ሌላ ሳይሆን፣ ማን እንደሆኑ ለማወቅ ነው የመጣሁት።”

ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረችላቸው። ሽማግሌው አልነኳቸውም። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ከዳር ጀምረው አንድ በአንድ አዩ፤ ከዳር እስከ ዳር ጨርሰው ደግሞ ተመለሱ። ሚሊሜትር ያኔ ነው የገባት። ሰውየው ፎቶዎቹን ከሰጡ ወዲህ ዓይተዋቸው አያውቁም።

“አንድም አላስቀሩም?”

“አንድ አሳጥብና ለባለቤቱ እወስዳለሁ። ደስ ካለው ከነኔጋቲቩ እሰጠዋለሁ። ደስ ካላለው እዚያው ፊቱ እቀደዋለሁ። የሰው ገበና ይዤ ቤቴ ምን ላደርገው?” ከዚያ ጣታቸውን ወደ መርፌዋ ሴት ዘረጉ። “ይቺ ልጅ ነበረቻት፤ ፎጣ ይዛ በር ላይ የምትቆም።”

“ነርስ ሆናለች።”

“ታዲያስ! ፀጉር አስተካካዩስ? ያን ቀን ደንበኛ ገብቶ እያየ እሱ ተኝቶ ነበር።” “እህትማማቾቹ ታረቁ?” “ዳኛው ሁለተኛውን መነጽር አገኙት?” ስለ ፎቶው ሳይሆን ስለ ሰዎቹ ጠየቁ፤ እሷም የምታውቀውን መለሰች። በመጨረሻ አንዱን ገፋ አደረጉት። “ይሄ ጥሩ አይደለም።”

“ምን ሆነ?” ሚሊሜትር ምንም አልታያትም። ሰውየው ሬዲዮ ሲጠግን የተነሳ ነው።

“ትከሻውን እዪው። ወደ ላይ ብሏል። እንደማየው አውቋል። ቸኮልኩ።”

አየችው። እውነትም ትከሻው ከፍ ብሏል፤ የሁለት ሚሊሜትር ነገር። ሚሊሜትር ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ልክ የሚያይ ሰው አግኝታ አታውቅም፤ ደስ አላት።

“ጋሼ፣ ሰዎቹ እንዴት ነው ያልተሸፋፈኑት?”

“መስመር ስትጠግኚ ትጠብቂያለሽ። ከስልክ ማዕከሉ እስኪደውሉልሽ ሃያ ደቂቃ፣ ግማሽ ሰዓት። መጀመሪያ ሰው ያፍራል፤ ‘ወንበር ላይ ይቀመጡ’ ይልሻል። ትንሽ ቆይቶ ይረሳሻል። ወለል ላይ ለተቀመጠ ሰው ማንም ፊቱን አያስተካክልም።”

“ጽሑፉስ?”

“የሥራው ቅጽ ላይ ስንጨርስ የምንጽፈው ነው። ሌላ ምን ልጻፍ? ስሜን ብጽፍ ፎቶው የኔ ሊመስል ነው።”

ልጃቸው እስካሁን ግድግዳ ተደግፋ ቆማ ነበር። “አባ” አለች። “እኛን ለምን አላነሳኸንም?”

ሽማግሌው ወደ ወለሉ ጠቆሙ። “እናንተ ጋ ወለል ላይ ተቀምጬ አላውቅማ” አሉ። “አባት ነበርኩ። ስገባ ሁላችሁም ፊታችሁን ታስተካክላላችሁ።”

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ከዚያ አንድ ወንበር ስባ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠችና የማታውቃቸውን ሰዎች ማየት ጀመረች።

ሚሊሜትር የተቀደደውን መጨረሻ ላይ ነው ያወጣችው። ሃሎ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አሮጊቷ የነገሯትን ስትነግራቸው፣ ባልየው “ሳሙናው ጆሮዬ ላይ ነው” ማለታቸውን ስትነግራቸው፣ ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ልክ ነበር እሱ” አሉ።

“ማን? የቀደደው?”

“አዎ። ሁለት ሰው ያለበትን ፎቶ ለአንድ ሰው ሰጠሁ። እሱን አልጠየቅኩትም። ካሜራውን በዚያው ሳምንት ነው የሸጥኩት፤ ተቆጥተውኝ አይደለም፣ ጥፋቴ ገብቶኝ ነው።”

ፎቶዎቹን ሱቋ ውስጥ ለሰው እንድታሳይ ለማስፈቀድ ሦስት ጊዜ ደረጃውን ወጥታለች። በሦስተኛው “ባለቤቶቹን ጠይቂ” አሏት፤ “ሁለት ካሉ ሁለቱንም።” ጠየቀች። ዘጠኙ ተፈቀደ። ሬዲዮ ጠጋኙ ሰው እምቢ አለ፤ ከእህትማማቾቹም ታናሽየዋ እሺ ብላ ታላቅየዋ እምቢ አለች። ሚሊሜትር የቀሩትን ሁለቱን በባዶ ፍሬም ልትተካ አስባ ነበር። ሃሎ ሲሰሙ ደነገጡ። “ባዶ ፍሬምማ ማሳበቅ ነው! ሰው ሁሉ ‘ማን ነው እምቢ ያለው’ ብሎ ይጠይቃል።” ተወችው።

ባሏ ሙሽሮቹንና ተመራቂዎቹን ከግድግዳው አውርዶ ዘጠኝ ቀጭን ጥቁር ፍሬም ሠራ። ለመጀመሪያ ጊዜ በልኩ ላይ ምንም አላለችውም፤ እሱም ይህንኑ ለደንበኛ ሁሉ አወራ። ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተከፈተ። የመጀመሪያው ሰዓት ላይ የመጣው ፍሬም ሊያሠራ የመጣ ሰው ብቻ ነበር፤ የመጣበትን ረስቶ ቀረ። ከሰዓት ሱቁ ሞላ። ሰዉ የሚያደርገው ነገር ገረማት፤ መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ከዚያ አጠገቡ ላለው ሰው ስለ ራሱ ቤት ያወራል። “አባቴም እንዲህ ነበር የሚተኛው።” “እናቴ ደግሞ ስትቆጣ…” ዳኛው በልጃቸው ተደግፈው መጡ። ራሳቸውን ረዘም ላለ ጊዜ መረመሩና “ይግባኝ የለኝም” አሉ፤ ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። አሮጊቷም መጥተው በተቀደደው ፎቶ ፊት ለፊት ወንበር ተሰጣቸው።

ሃሎ ጥግ ላይ ነበሩ፤ ዝቅተኛዋ በርጩማ ላይ፣ ማንም ሳያስተውላቸው። አሮጊቷ ግን አወቋቸው። ሁለቱ ምን እንደተባባሉ ሚሊሜትር አልሰማችም፤ ጆሮዋን አቁማ ነበር፣ ግን ሰው ይንጫጫል። ያየችው ሽማግሌው ከበርጩማው ለመነሳት ሲታገሉ፣ አሮጊቷ በእጃቸው “ይቀመጡ” ሲሉ ብቻ ነው።

በሁለት ሳምንቱ ፎቶዎቹ ወደየቤታቸው ተመለሱ። ሙሽሮቹም ወደ ግድግዳው ተመለሱ፤ መቼም እንጀራ ነው። ግን አንድ ነገር ተለውጧል፤ ሰዎች ሲያፍሩበት የነበረውን ፎቶ ይዘው ይመጣሉ። ጭራሽ አንዷ ባሏ የተሰበረ ጃንጥላ ይዞ ከነፋስ ጋር ሲታገል የተነሳውን በትልቁ እንድትሠራላት አዘዘች። ሚሊሜትርም ፊት ታያለች አሁን። ፊቱን አይታ ነው ወደ ጠርዙ የምትሄደው፤ በዚህ የተነሳ ሥራዋ ተጓቷል፣ ባሏም ያጉረመርማል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከሃሎ ጋር የድሮ መንገዳቸውን ይሄዳሉ። ልጃቸውም ከክፍል ስትወጣ ትቀላቀላለች፤ አባቷን በአንድ ክንዳቸው ትይዛለች። እሳቸው ያነሷቸው ፎቶዎች በአጠቃላይ ሁለት መቶ ያህል እንደሆኑ ይገምታሉ። እስካሁን ሠላሳ አራት ተገኝተዋል። የት ቤት የትኛው ስልክ እንደነበር፣ የቱ ጥግ ላይ ሶኬቱ እንደነበር አይረሱም፤ የሰዎቹን ስም ግን አንድም አያስታውሱም።

ሠላሳ አራተኛው አንዲት ልብስ ሰፊ ቤት ነው የተገኘው። ሴትየዋ በሩን ስትከፍት ወዲያው አወቀቻቸው፤ ወደ ውስጥ ሮጣ ፎቶውን ከስፌት መኪናዋ በላይ ካለው ግድግዳ አውርዳ አመጣች። እሷው ናት፣ በወጣትነቷ፤ መኪናው ላይ ተደግፋ መስኮቱን ታያለች። ግን ፎቶው ደብዝዟል። እጇ ተንቀሳቅሷል፤ ፊቷም ጠርቶ አልወጣም።

ሃሎ አይተው ፊታቸው ጠቆረ። “ይሄንንማ መስጠት አልነበረብኝም። ያን ቀን እጄ ተንቀጥቅጧል። አምጪው ልቅደደው።”

ልብስ ሰፊዋ ፎቶውን ደረቷ ላይ ለጠፈች። “የማንን ነው የሚቀዱት?”

“የኔን ነዋ፣ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ደብዛዛ ነው ልጄ፣ ያሳፍረኛል።”

“ይፈሩበት እንጂ! ሰጥተውኛል፣ ተቀብያለሁ፣ ሰቅያለሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ግድግዳዬ ላይ ኖሮ አሁን ለምን ብዬ እመልሰዋለሁ? ያን ቀን ምን እንደማስብ አሁንም አውቀዋለሁ። እርስዎ አያውቁትም።”

ሽማግሌው ለመቀበል የዘረጉትን እጃቸውን ሰበሰቡ። ልጃቸው ሳቋን ለመደበቅ ወደ ግድግዳው ዞረች። “ምንድን ነበር የምታስቢው?” ብላ ጠየቀች ሚሊሜትር፤ ሳትጠይቅ ማለፍ አልሆነላትም።

“አልናገርማ” አለች ልብስ ሰፊዋ። “ፍሬሙ ግን አርጅቷል፤ ሌላ ይሠራልኝ ይሆን?”

ሚሊሜትር ሜትሯን ከቦርሳዋ አወጣች። ፎቶውን ከሴትየዋ እጅ ሳትወስድ፣ እዚያው ደረቷ ላይ እንዳለ፣ ጎንበስ ብላ ለካችው።